ሁለት ዓይን የሳልኩላት ሴት

ባለፈው ሳምንት ንፋስ መውጫ ገበያ ወጥቼ ስመለስ አንድ ወጣት የሴቶች ፀጉር ቤት በር ላይ መሰላል አስደግፎ የሴት ፊት ሲስል አየሁና ቆምኩ። ፀጉሯን እስከ ወገቧ አውርዶታል፤ አፍንጫዋን አሳምሮታል። ፊቷን ግን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ሰጥቷታል።

«እማማ፣ ቆንጆ ናት አይደል?» አለኝ ከላይ ሆኖ።

«ሌላኛው ዓይኗስ?»

«በዚያኛው በኩል ነዋ። አይታይም እንጂ አላት።»

«ካላት አሳየና» አልኩትና ዘንቢሌን አንሥቼ መንገዴን ቀጠልኩ። አሮጊቷ ጃጅታለች ብሎ ይሆናል። ይበል። እኔ በዚህ ነገር ከእሱ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ተከራክሬ ያልተረታሁ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታችን ድጓ ከሚመሰከርባት ከቤተ ልሔም የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ከምትገኝ አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የመቅደሷ ግድግዳ በአዲስ ሥዕል እንዲሸፈን ተወሰነና፣ ለጥር ማርያም እንዲያደርሱ አለቃ ጥሩነህ የሚባሉ ሽማግሌ ሠዓሊ ከእስቴ መጡ። ሥዕሉ መጀመሪያ አቡጀዲ ላይ ይሠራል፤ ካለቀ በኋላ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው። አቡጀዲው እኛ ግቢ በተጣለ ዳስ ውስጥ ተዘረጋ፤ አለቃም እኛው ቤት አደሩ፣ ሰነበቱ።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ገብሱ ታጭዶ ውድማ ላይ ተከምሯል፤ ወንዶቹ ከጠዋት ጀምሮ ሲያበራዩና ሲያዘሩ ስለሚውሉ ግቢው ለእኛ ለሴቶችና ለአለቃ ይቀራል። አለቃ ለማጣበቂያ የላም ቆዳ ይቀቅሉ ነበር። በነቢያት ጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከእኛ ግቢ የሥጋ ሽታ ሲወጣ ጎረቤቱ በአጥር ቀዳዳ ማየት ጀመረ። እናቴ የሙጫውን ነገር ያላስረዳችው ሰው የለም፤ ያመናት ግን ጥቂቱ ነው። አለቃ ስልጇቸውን በጥሬ ሽንኩርት እየበሉ ይስቁባት ነበር።

እኔ ያኔ ለአንድ ዲያቆን የታጨሁ ልጃገረድ ነበርኩ። እጄ ስፌት ያውቃል። ሌማት ስሰፋ ቀለሙን አሰባጥሬ ሐረግ ማውጣት ይሆንልኛል። ሥዕል ግን የወንድ፣ ያውም የቤተ ክህነት ሰው ሥራ ነው። ወደዚያ ያስጠጋኝ የአለቃ እጅ ነው፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈረሱንና ካባውን እንደምንም ይወጡታል፤ ትንንሹ ፊት ላይ ሲደርሱ ብሩሹ ይከዳቸዋል። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብላቸው፣ ሰብረን በጣልነው የእንስራ ገል ላይ በጥላሸት የሞከርኩትን የእናቴን ፊት አዩት። አገላብጠው ተመለከቱትና ብሩሽ አቀበሉኝ።

«ለቄሰ ገበዙ እንዳትነግሪ ብቻ» አሉኝ። ቄሰ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኗ ኃላፊ ነበሩ፤ ሥዕሉን ያዘዙትም እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ትምህርቴ አጭር ነበር። «ጻድቅ ፊት ለፊት ያያል፤ ሁለት ዓይን ስጪው። ኃጥእ ግን በጎኑ ነው የሚሳል፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል።»

እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ለመላእክቱ ሁለት፣ ለሰማዕታቱ ሁለት፣ ለሰቃዮቹ ወታደሮች አንድ። ዓይን መሳል ግን እንደ ስፌት አይደለም። የብሌኑን ጥቁር ነጥብ ስታሳርፉበት ጨርቁ መልሶ ያያችኋል። ያን ጊዜ አስቤው የማላውቀውን ማሰብ ጀመርኩ። በቃል የተማርኩትን ሁሉ እንደ ውሃ የጠጣሁ ልጅ፣ ብሩሽ ስይዝ ግን ራሴ ካልፈረድኩ እጄ አልንቀሳቀስ አለኝ። ይኸኛው ምን አደረገ? አንድ ዓይን ማነው የፈረደበት? እምነቴን የመረመርኩት እዚያ ዳስ ውስጥ ነው፤ ቀለም የነካው ጣቴን ቀሚሴ ላይ እየጠረግሁ።

ወደ መጨረሻው ሲኦል ቀረ። ቄሰ ገበዙ ትእዛዝ ላኩ፦ እሳቱ መካከል የቁርባን ጋብቻዋን ያፈረሰች ሴት ትግባበት።

በአገሩ ቁርባኗን ያፈረሰች ሴት አንዲት ነበረች፤ የአባቴ እኅት፣ አክስቴ ዘርፌ። የቄስ ሚስት ነበረች። የቄስ ሚስት ጥላው ስትሄድ እንደ ሌላው ፍቺ አይደለም። ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ሳያገባ ቢቀመጥ ቤቱ ይፈርሳል። ስለዚህ አክስቴ ወደ እኛ ስትመጣ አገሩ ሁሉ ቅዳሴ ያስታጎለች ብሎ አወገዛት። ለምን እንደመጣች የጠየቀ አልነበረም። እኔ ጀርባዋን ሳጥባት የጅራፉን ሰንበር በጣቴ ዳስሼዋለሁ። በዓመቱ ንዳድ ይዟት ሞተች። ፍትሐት ተከለከለች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ቁልቋሉ ሥር ቀበርናት። አባቴ ከዚያ ወዲህ ስሟን አንሥቶ አያውቅም።

አለቃ ሴቲቱን በከሰል ነደፏት፤ በጎኗ፣ አንድ ዓይን፣ ጡቷ ላይ እባብ። ፊቷን እኔ እንድሞላው ትተውልኝ ጥላ ሥር ጋደም አሉ። ብሩሹን አነሣሁ። ፈጣሪ እሳት ውስጥ ከቷት እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ እኔ ግን አልከታትም። እሳቱ ቀድሞ ስለተቀባ ማጥፋት አልቻልኩም፤ ንድፉን ግን በጨርቅ ጠረግሁና ዘርፌን ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ዓይኗ ሳልኳት። እባቡንም አልሳልኩትም።

አለቃ ተነሥተው ሲያዩ እንደመጮህ ቃጣቸው። ከዚያ «ቆንጆ ነበረች ለካ» አሉ።

ቄሰ ገበዙ ሥራውን ሊያዩ የመጡ ዕለት አባቴም ከውድማ ተጠርቶ ቆሟል። ሁሉን ወደዱት። እሳቱ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይች ማናት?»

«ያዘዙኝ ሴት ናት» አሉ አለቃ።

«እኔ ያዘዝኩት ኃጥእት ነው። ይችማ በሁለት ዓይኗ ታየኛለች።»

«እኔ ነኝ የሳልኳት አባ» አልኩ።

ቄሰ ገበዙ ወደ አባቴ ዞረው ተመለከቱትና ወደ እኔ ተመለሱ። «አንች? በይ እንግዲያ አንዱን አጥፊው።»

«አላጠፋም።»

«ምን አልሽ?»

«እርስዎ ሲኦል ስትገባ አላዩም። እኔ ግን ጀርባዋን አይቻለሁ።»

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «ልጄ፣ አንድ ዓይን እኮ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ልመና ነበረበት።

«አንድ ዓይን ከሆነ ይተውላታ፣ አባየ።»

ቄሰ ገበዙ ቆዳ መቁረጫውን ቢላ አነሡና ግራ ዓይኗን ራሳቸው ፋቁት። ጨርቁ ሙጫ ስለጠጣ አልተቀደደም፤ ዓይኗ በነበረበት ቦታ ነጭ ጠባሳ ቀረ። አለቃ ቀለም ጨምረው እንዲያዞሯት ሲታዘዙ እጃቸውን ዘርግተው መንቀጥቀጡን አሳዩ። ያን ቀን ግን ከሌላው ቀን ይበልጥ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። በዓሉ ደርሷልና እንዳለች ተለጠፈች።

የእጮኛዬ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ እጮኝነቱን አፈረሰ። ስንት ጅራፍ እንደቀረልኝ እግዜር ይወቅ። የንስሐ አባቴ በመጡ ቁጥር «ያችን ዓይን ተናዘዥ» ይሉኝ ነበር። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ ነግሬያቸዋለሁ። ያችን እስከ ዛሬ አልተናዘዝኩም፤ አልናዘዝምም።

አሁን ከእኔ በቀር ያን ቀን የሚያስታውስ የለም። ሃይማኖቴን አልተውኩም፤ ጾሙንም ቅዳሴውንም እንደማንም እይዛለሁ። ግን ልብ የሚያምነው በቃል የተሰጠውን ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሲኦል ሁልጊዜ ከግድግዳው ግርጌ ስለሚሳል ለሚሳለም ከንፈር ቅርብ ነው። አዲሱ ትውልድም ወጉን ያውቃል፤ ፊት ለፊት የሚያይ ሁሉ ጻድቅ ነው። እሳት መካከል ቆማ፣ አንድ ዓይኗ ተፍቆ፣ ፊት ለፊት የምታይ ሴት ከሰማዕት በቀር ማን ትሆናለች? የተቸገሩ ሴቶች እየመጡ ይሳለሟታል። ጨርቁ ከጉንጯ ላይ ሳስቷል።

ባለፈው ማርያም አንዲት ወጣት፣ ዓይኗ ሥር የበለዘ፣ ጧፍ ይዛ አጠገቤ ቆመች። «እማየ፣ ይች ሰማዕት ማን ትባላለች?» አለችኝ።

ቄስ በፍትሐት ጠርቶት የማያውቀውን የዘርፌን የክርስትና ስም ነገርኳት። «ወለተ ሩፋኤል።»

«ቅድስት ወለተ ሩፋኤል፣ ለምኝልኝ» ብላ ጎንበስ አለች። እኔም ከኋላዋ ቆሜ አሜን አልኩ።