ሾፌሩ ራበው

ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲነዳ፣ ፍሬን ሲይዝ ቆሞ የተሳፈረ ሰው እንኳ ንቅንቅ አይልም ነበር። ባልደረቦቹ «ቀስታ» ያሉት ለዚህ ነው። ውሎ አድሮ ሚስቱም ለመደችውና ቤት ውስጥ ሳይቀር ቀስታ ሆኖ ቀረ።

ስኳር ከያዘው አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ እሱን ተላምዶታል። ያልለመደው ካለፈው ክረምት ወዲህ የመጣበትን ነው። ሦስት ማንኪያ ሾርባ እንደቀመሰ ሆዱ ይነፋል፤ ጠዋት የበላው ዳቦ እስከ ማታ እዚያው የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ከዚያ አፉ በምራቅ ይሞላና ያቅለሸልሸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ፌርማታ እስኪደርስ እንኳ መታገሥ አቅቶት ዳር ይዞ አቆመና ወርዶ ግንብ ተደግፎ አስመለሰ። ሲመለስ አንዲት ተሳፋሪ አጠገቧ ላለችው «ጠጥቶ ነው» ስትል ሰማ። በዕድሜው መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ፌርማታ አደረሳቸው፤ ከዚያ ቁልፉን ለስምሪት ኃላፊው አስረክቦ የሆነውን ራሱ ነገረው።

ሐኪሙ መርምሮ፣ ስኳሩ በጊዜ ብዛት የጨጓራውን ነርቭ ስለጎዳው ምግብ ቶሎ እንደማይወርድለት አስረዳው።

«እንግዲህ ሆዴም እንደኔ ቀስታ ሆነ ይበሉኛ» አለ።

ሐኪሙ ሳቀ። አብራው የመጣችው ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

የታዘዘለት ኪኒን ማቅለሽለሹን ቀነስ ቢያደርግለትም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ጀመር፤ በዚህ ሁኔታ መሪ መያዝ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ኃላፊው እስኪሻለው ድረስ ብሎ መለዋወጫ ክፍል መደበው። እዚያ ከፍሬን ሸራና ከጎማ ሽታ ጋር ሁለት ወር ከረመ። ሱሪው አልቆም ስላለው ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳ።

የመርፌውን ሐሳብ ያመጣችው አዋላጅ ሆና ጡረታ የወጣችው ታላቅ እህቱ ናት። እዚያው እሱ የሚታከምበት ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ ላይ አኩፓንክቸር የሚባለውን የቀጫጭን መርፌ ሕክምና የምትሠራ ባለሙያ አለች፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማቅለሽለሽ ያስቸገራቸው እሷ ዘንድ ይላካሉ አለችው።

«እትዬ፣ በየቀኑ የምወጋው ኢንሱሊን አነሰኝ?»

«አሁን ሌላ ሰው ይውጋህ፤ ያንተ እጅ ይረፍ።»

ሐኪሙም አልከለከለም። ጨጓራውን ያፈጥነዋል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለ፣ ለማቅለሽለሽ ግን የጠቀማቸው ሰዎች እንዳሉ ነገረው፤ የስኳር ክትትሉን እንዳያቋርጥም አስጠነቀቀው።

ባለሙያዋ አስተኝታው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እንዲሰበስብ ስትጠይቀው ግራ ገባው።

«ሲስተር፣ ያመመኝ እኮ ሆዴ ነው።»

የሚመጣው ሰው ሁሉ እንደዚህ እንደሚላት ነግራው ሥራዋን ቀጠለች። ፀጉር የሚያካክሉ መርፌዎች ከጉልበቱ በታች፣ በእጅ አንጓው ውስጠኛ በኩልና ከእምብርቱ በላይ ተከለችለት። እንደ ትንኝ ቆንጠጥ አድርገው ገቡ፤ ከዚያ ቦታው ከበድ፣ ደንዘዝ አለ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሆዱ ከመጋረጃው ባሻገር እስኪሰማ አጉረመረመ። አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ።

«እኔስ እሱን ነበር የምጠብቀው» አለችው።

ደስታው ግን አልቆየም፤ የዚያኑ ምሽት አስመለሰው። ከሦስተኛው የመርፌ ቀጠሮ በኋላም ሊተወው ሲል እህቱ እየተቆጣች ይዛው ሄደች። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል አንድ ሳምንት ሙሉ አላስመለሰውም፤ ቢሆንም መሻሉ እንዳይቀርበት ፈርቶ ለማንም አልተናገረም። በስድስተኛው ቀጠሮ ቀን ከሆስፒታል ሲመለስ ሚስቱ ልብስ ስታሰጣ አገኛት።

«ምን አለ?» አላት።

«ምን ጠፋብህ?»

«የሚበላ ነዋ። ራበኝ።»

እጇ ላይ የነበረውን አንሶላ እንደታጠፈ ገመዱ ላይ ጥላው ገባች። የተረፈ ሩዝና ድንች አሞቀችለት። ጥቂት ጥቂት እያለ በላ፤ እሷም ጉልበቷን አቅፋ ፊቱን እንደተጣደ ወተት ስትጠብቅ አንድ ሰዓት አለፈ።

«እህስ?» አለችው።

«ምንም። ሰላም ነው።»

ዞር ብላ ዕቃ የምታጥብ መስላ ቧንቧውን ለቀቀችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ወጣና ገመዱ ላይ ጥላው የገባችውን አንሶላ ዘርግቶ አሰጣው።

በድጋሚ ሲመረመር ጨጓራው አሁንም ዘገምተኛ ነው፤ ከበፊቱ ግን ጥቂት ተሽሎታል። መርፌው ይሁን፣ በትንሽ በትንሹ መብላቱ ይሁን፣ ስኳሩ መስተካከሉ ይሁን ሐኪሙ ቁርጡን አልነገረውም። የሚያስተኛውን ኪኒን ግን አስቆመለት፤ ከወር በኋላም ለመንዳት ብቁ ነው ብሎ ፈረመለት።

መንገድ በተመለሰ ዕለት፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሚስቱ የቋጠረችለትን ዳቦ በእንቁላል ፈታ። ግማሹን እያላመጠ በላ፤ ሌላውን ግማሽ ለአሥር ሰዓት ጠቅልሎ አስቀመጠ። ከዚያ አፉን ጠረግ አድርጎ ሞተሩን አስነሳ።