ሀያኛው ዳንቴል

ዘርፈሽ ሴቻ ሰፈር ውስጥ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ናት። ባሏ የዞን ሠራተኛ ነበር፤ ሲሞትባት ዳንቴል መሥራት ጀመረች። የኪሮሽ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ክሩን እንደ ጫማ ማሰሪያ ነበር የምትቋጥረው። አሁን ልጇ ዕድላዊት ድረ ገጽ ሠርታላት ሀያ ሦስት ፎቶ ተለጥፎበታል። በስልኬ ስሟን እየፈለግሁ በየቀኑ አየዋለሁ። ሀያኛው ላይ ያለው የማንጎ ቅጠል የእኔ ንድፍ ነው። ስሜ ግን የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ስከፍተው ገጹ ብልጭ አለና ወደ ቁማር ማስታወቂያ ወሰደኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። በዚያው ቀን አንድ ሆቴል ገጿን አይቶ ስልሳ የጠረጴዛ ዳንቴል ሊያዝዝ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን የሆቴሉ ሰውዬ የእኔን ቅጠል ፈልጎ ቁማር ሲያገኝ ታየኝ። ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ።

«ዘርፊዬ፣ ገጽሽ ሳይጠለፍ አልቀረም።»

ዕድላዊት በኮምፒውተሯ ከፈተችው። ደህና ነው።

«ምነው ወለቴ፣ አታሟርቺብኝ!» አለች ዘርፈሽ።

«እኔ እንደዚያ አልከፍተውም» አልኩ በቀስታ።

«ታዲያ እንዴት ነው እትዬ?» አለች ልጅቷ።

ስልኬን ሰጠኋት። ገና «ዘ» ብላ ስትጽፍ የዘርፈሽ ስም በራሱ ተደቀነ። ፊቴ ጋለ። ስትነካው ቁማሩ ወጣ።

«ለካ አድራሻውን ጽፎ ለሚገባ አይታይም፤ በስም ፈልጎ የሚመጣውን ነው የሚወስዱት!» አለች ዕድላዊት። ገጹን ከነፎቶው አጥፍታ ዘጋችው፤ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ቀየረች። ዘርፈሽ ሆቴሉን እስከ ሐሙስ ታገሱኝ ብላ ለመነች። ዕድላዊት ያስቀመጠችው ንጹሕ የገጹ ቅጂ ግን የአምና ነበርና አሥራ አንድ ፎቶ ብቻ አለው። የቀሩት የተነሱበት ስልክ ባጃጅ ውስጥ ጠፍቷል።

«እኔ ጋ አሉ» አልኩ።

«አንቺ ጋ? ለምን?»

«ከእኔ ሥራ ጋር ላስተያያቸው።»

ዘርፈሽ አፏን ይዛ ሳቀች። «እና ማን በለጠ?»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ላክሁ። ዕድላዊት ቆጠረች። «አንድ ጎደለ፤ ሀያኛው።»

«እሱን ስሜ ሲጻፍበት ነው የምልከው።»

ዘርፈሽ ትክ ብላ አየችኝ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለሽ ዛሬ?» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ጻፊላት።»

ሐሙስ ሆቴሉ ስልሳውን አዘዘ፤ የማንጎ ቅጠሉን። ግማሹን እኔ እየሠራሁ ነው። ገጹንም አሁንም በየቀኑ አየዋለሁ። ስሜ ሀያኛው ሥር አለ፤ ከዘርፈሽ ስም በጣም ባነሰ ፊደል።