የአንደኛ ማዕረግ የሴቶች መቆያ

ሰው ሕንጻ ይጠላል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ እጠላለሁ። የገዳሪፍን የባቡር ጣቢያ እጠላለሁ። አስቀያሚ ስለሆነ አይደለም። እኛ በምናውቀው ገዳሪፍ ውስጥ እንደሱ ያማረ ቤት አልነበረም፤ ጥፋቱም ማማሩ ነው።

እንግሊዞች ሱዳንን ሲገዙ ሐዲዱን መጀመሪያ ያደረሱት እስከ ከሰላ ነው፤ የጋሽን ወንዝ ዳር ጥጥ ወደ ባሕር ለማውረድ። ኋላ የአትባራን ወንዝ በድልድይ ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ ዘረጉት፤ እዚህ ደግሞ እህል አለ። ሰው መሳፈሩ ትዝ ያላቸው በመጨረሻ ይመስለኛል። የእህል መጋዘኑ ዝናብም ምስጥም እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ተደርጎ፣ ነፋስ እንዲገባው ከጣሪያው ሥር ቀዳዳ ተበጅቶለት ነው የተሠራ። የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ግን ግድግዳ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ነበር። በዚያ አገር ከኛ ይልቅ ሰሊጥ ነው የተከበረው። እኔ ይህን ያወቅሁት ጣቢያውን ያየሁ ዕለት ነው።

በሁለቱ መሀል ዋናው ቤት አለ። ታቹ ጥቁር ድንጋይ፣ ላዩ ቀይ ጡብ፣ ዙሪያውን በብረት ምሰሶ የቆመ ሰፊ በረንዳ። ከጫፉ ላይ ዘወትር የሚቆለፍ አንድ ክፍል ነበር፤ የአንደኛ ማዕረግ የሴቶች መቆያ። ለእንግሊዝ ሹማምንት ሚስቶች ተሠራ፤ እነሱ ሲሄዱ ለሙሽሮች ሆነ። ከሰላ የሙሽሮች ከተማ ናት። ሱዳኖች ሲያገቡ እዚያ ሄደው፣ ክብ ክብ ከሆኑት ተራሮቿ ሥር ካለው ምንጭ ጠጥተው ይመለሳሉ። ባቡሩ ገዳሪፍ ላይ ሲዘገይ ሙሽሮቹ እዚያ ክፍል ያርፉ ነበር አሉ።

እኛ ሙሽሮች አልነበርንም። በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ ማብቂያ ገደማ፣ እኔ ሃያ ዓመት ሲሆነኝ፣ በገዳሪፍ ዳር የምንኖር ስደተኞች ነበርን። አባቴ በሰሊጥ መጋዘን ጆንያ ይሸከማል። እናቴ አንድ ዓይኗን ገና በስደተኞች ሠፈር ሳለን አጥታለች። በዚያ ዓመት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ የቀረው ዓይኗ ጀመራት። ደም መሰለ፤ ግንባሯን ፈለጣት፤ ያስመልሳትም ጀመር። የሠፈሩ ክሊኒክ ነርስ አይቷት፣ «ለአንድ ሳምንት የመጡ የዓይን ሐኪሞች ከሰላ አሉ፤ ዛሬውኑ ይዛችኋት ሂዱ» አለን።

ዛሬውኑ ማለት ቀላል ነው። የስደተኛ ወረቀታችን ከገዳሪፍ ውጭ አይሠራም። የመንገድ ፈቃድ የሚሰጠው በከሰላ መንገድ ላይ ሾዋክ ከተማ ያለው የስደተኞች ቢሮ ነው፤ እሱም ቢፈጥን ሳምንታት ይፈጃል። በአውቶቡስ እንሂድ ብንል መንገዱ ላይ ፍተሻ አለ። አባቴ አንድ ጊዜ ያለፈቃድ ተሳፍሮ ሾዋክ ላይ አውርደውት፣ ሦስት ቀን ጸሐይ ላይ አስቀምጠው መልሰውታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ባቡር ላይ ግን ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ወረቀት የሌለው የኛ አገር ሰው ሁሉ በባቡር ነበር የሚሄድ። ያን ጊዜ ባቡሩ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ደስ ሲለው ነበር የሚመጣው።

«ማክሰኞ ነው ቀኑ» አለ አባቴ። «ማክሰኞ እንሳፈራለን፣ ረቡዕ ሐኪሙ ያያታል።»

ማክሰኞ በጠዋት ከቆርቆሮው ሥር ተቀመጥን። እናቴ ብርሃኑ ዓይኗን እንደ መርፌ ስለሚወጋት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር። የጣቢያው ሽማግሌ፣ ዕድሜውን ሁሉ በባቡር ሥራ የጨረሰ ሱዳናዊ፣ ቁልፎቹን እያንኳኳ ሲያልፍ አያት። ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። በዐረብኛ ነገርሁት። ወዲያው ሄዶ የሙሽሮቹን ክፍል ከፈተልን።

እስካሁን እንደዚያ ያለ ክፍል አልገባሁም። ግድግዳው ከአንድ ክንድ በላይ ይወፍራል፤ ጣሪያው ሁለት ሰው ቢደራረብ አይነካውም። ከላይ ሙቀቱ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ከታች እግር የሚያቀዘቅዝ ቀይ ሲሚንቶ። የእንጨት መስኮቶቹ ሲዘጉ ውስጡ ድንግዝግዝ ይላል። ውጭ ገዳሪፍ ይነዳል፤ ውስጥ ደጋ ነው። እናቴ ረጅሙ አግዳሚ ላይ ጋደም ብላ፣ «እፎይ» አለች። በሳምንት ውስጥ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ደኅና ቃል እሱ ነበር።

ማክሰኞ ባቡር አልመጣም። ሽማግሌው «ነገ፣ ኢንሻላህ» አለ። እኛን ሊያታልል አልነበረም፤ ለእሱም የሚነግረው አልነበረም። ሻይ አመጣልን፤ የከሰላን ጣቢያ ይነግረን ጀመር፤ እኔ ለእናቴ እተረጉማለሁ። ከባቡሩ ስትወርድ ተራራው ፊት ለፊቷ እንደሚቆም፣ በረንዳው በቅስት የተሠራ እንደሆነ፣ በሩ ላይ ጋሪዎች ተሰልፈው ሙሽሮችን እንደሚጠብቁ። እናቴ በአንድ ዓይኗ፣ እሱንም ጨፍና፣ ፈገግ እያለች ትሰማለች።

«የበረንዳው ቅስት ስንት ነው በይው እስቲ» አለችኝ። «ከሐኪሙ ይልቅ ጣቢያውን ለማየት ቸኮልሁ እኮ!»

ረቡዕም ባቡር የለም። ከሰዓት በኋላ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ከሰላ የሚሄድ የሎሪ ሹፌር፣ የኛው አገር ሰው፣ በረንዳው ላይ አባቴን አገኘው። ፍተሻውን በእርሻ መንገድ እንደሚዞረው፣ እናቴን ከሸራው ሥር ጆንያ ላይ አስተኝቶ ማለዳ ከሐኪሙ ደጅ እንደሚያደርሳት ነገረው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ አባቴ። «በዚህ ሕመሟ እርሻ ለእርሻ ተንገላታ፣ ደግሞ ብትያዝስ? ነገ ባቡሩ ይመጣል።»

«አባ፣ ሐኪሞቹ ሊሄዱ ነው!» አልሁት።

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። እሷም፣ «እዚህ ደኅና ነኝ፤ አንቱ እንዳሉት ይሁን፤ ባቡሩን እንጠብቅ» አለች።

እኔም ዝም አልሁ። ለምን ዝም እንዳልሁ ሳስበው ዛሬም ራሴን እታዘበዋለሁ። ክፍሉን ወድጄው ነበር። የምንኖርበት ጎጆ ቀን ቀን ምድጃ ነው፤ እዚያ ግን ሰው ሆኜ ተቀመጥሁ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ያ ቤት ቆርቆሮና ጸሐይ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ማክሰኞ ማታ በእግራችንም ቢሆን እንወጣ ነበር።

ሐሙስ ሕመሙ ቀነሰላት። ፈጣሪን አመሰገንን። ዓርብ ጠዋት ስትነሣ፣ «ልጄ፣ መስኮቱን ክፈቺው እንጂ፤ ምን ያስተኛሻል?» አለችኝ። እኔ ግን መስኮቱን አስቀድሜ ከፍቼ፣ ጸሐይ ፊቷ ላይ አርፎ፣ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ባቡሩ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ማሽላ ነበር የሚጭነው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ስለዚያ ሳምንት አንድ ቀን እንኳ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበትም፤ ግን በልቤ ይዤበት ነው የቀበርሁት። ባቡሩም ቀረ፤ ጭራሽ ቀረ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ አስፋልቱ ሲያምር፣ ወረቀታችንም ሲስተካከል፣ እናቴን በአውቶቡስ ከሰላ ወሰድኋት። እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ማንም ምንም አልጠየቀንም። ተናደድሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሱዳናዊት ነበረች። ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ስለ ክፍሉ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጨለማ ውስጥ ነው የቆየችው?»

«አራት ቀን» አልኋት።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ። ይህ ዓይነቱ በሽታ ጨለማ አይስማማውም፤ በጨለማ ብሌኑ ሲሰፋ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ ይብሳል። ሕመሙ ቢቀንስም ዓይኑ ዳነ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ብትደርስ ይተርፍ ይሆን ነበር፤ አሁን ምንም አይደረግም። እናቴ የምታውቀው የገበያ ዐረብኛ ብቻ ነው።

«ምን አለች?» አለችኝ ስንወጣ።

«ረፍዷል አለች፣ እማዬ።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ። በይ ጣቢያውን አሳዪኝ።»

ወሰድኋት። ሐዲዱን አሸዋ ውጦታል። በሮቹ ተነቅለው ሄደዋል፤ በረንዳው ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። በአውቶቡስ የመጡ ሁለት ሙሽሮች ተራራውን ከኋላቸው አድርገው በስልክ ፎቶ ይነሣሉ። እናቴ ምርኩዟን ለእኔ ሰጥታ ግድግዳውን በሁለት እጇ ትዳስስ ጀመር። ቅስቱን አገኘችው። ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈች ቆጠረች።

«የሴቶቹ ክፍል እዚህም አለ?» አለችኝ።

«አለ። ጣሪያው ወድቋል።»

«ያሳዝናል።» ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ያን ሽማግሌ ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ። በዚያ በጭንቄ ቀን ያን የመሰለ ማረፊያ ከፍቶ ያሳረፈኝ! ያ ክፍል ባይኖር ምን እሆን ነበር?»

ምርኩዟን መልሼ አስያዝኋት።

«አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ» አለችኝ።

«አሜን» አልሁ።