ለዐይኗ ብዬ ያስተነፈስኩት ጎማ

ባለቤቴ ወልድያ ላይ የዐይኗን ሞራ አስገፍፋ ስትወጣ ሐኪሙ የመከረው እኔን ነበር፤ እሷ ጎንበስ እንዳትል፣ ጭንቅላቷም እንዳይናጥ ብሎ። ወደ ላሊበላ የምመልሳት ደግሞ እኔው ነኝ፣ በዕድሜ ከእኔ በማትሻል መኪና። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ፈራሁ።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ብልሃት መጣልኝ። ብልሃት ሲመጣልኝ ቤተሰቤ ይሸሻል፤ እሷ ግን አንድ ዐይኗ በፋሻ ተሸፍኖ የት ትሂድ? ኮርቻ ላይ ጋቢ አጥፎ እንደ መደልደል ነው ብዬ የአራቱንም ጎማ ንፋስ አስተነፈስኩ። የንፋስ መለኪያው ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም፤ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አድርጌ በቃ አልኩ።

እስከ ድልብ ከተማ ድረስ አልጋ ላይ የተኛን መሰለን። ዳገቱ ሲጀምር መሪው ከበደኝ፤ ኩርባው ላይ መኪናዋ ጠላ እንደ ጠጣ ሰው ወደ ገደሉ ዘንበል አለች። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ወርጄ የኋላውን ጎማ ጎኑን ብነካው እጄን ፈጀኝ። የላላ ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይግላል፣ ሲብስ ይፈነዳል። ይህን ለጎረቤት ሁሉ ሰብኬያለሁ፤ ለራሴ የምሰብክበት ጊዜ ብቻ አላገኘሁም። እዚህ ኩርባ ላይ ቢፈነዳ ስለ ዐይኗ የምንጨነቅበት ዕድሜም አይኖረንም።

ምን ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት።

"በአንድ ዐይኔም ቢሆን ፊትህ ይታየኛል" አለች።

እስኪበርድ ቆምን፣ ትንሽ ሄድን፣ ደግሞ ቆምን። እንዲህ እየዳኸን ጋሸና ደረስን። ጎሚስታው ጎማው እስኪቀዘቅዝ አስጠብቆን ስንት ይሁን ሲለኝ፣ የመኪናዋ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን የንፋስ ልክ አነበብኩለት፤ በር በከፈትኩ ቁጥር ገልመጥ አድርጌው የማልፈውን። ከዚያ ፍርሃቴ ተመለሰ። ጎማው ቢደነድንስ፣ ቢያንገጫግጫትስ? ትንሽ ቀንስልኝ ስለው ከመኪናዋ ውስጥ ሰማችኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ልኩን አስሞላ። ዐይኔን ያከመው ሐኪም ነው፤ አንተ መሪህን ያዝ።"

አስሞላሁ። ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ማለስለሻ እግሬ ብቻ ነበር። ነዳጁን እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው እየነካሁ ነዳሁ፤ የጭነት መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉብኝ አለፉ፣ ጭድ የተጫነ አህያም ሊቀድመኝ ምንም አልቀረው። በየጉድጓዱ አመመሽ ወይ እላታለሁ።

"ዐይኔ ደህና ነው" አለችኝ በመጨረሻ። "የሚያመኝ ጆሮዬ ነው።"

መሪዬን ብቻ ያዝኩ። እስከሚቀጥለው ጉድጓድ።