የጠጠሯ ዶክተር

እናቷን ዕድሜዋን ሙሉ ያስቸገራት ነገር አንድ ነው፤ ልጇ ምን እንደምትሠራ ለሰው ማስረዳት። "ዶክተር ናት" ስትል ደስ ይላታል፤ "የምን ዶክተር?" ሲሏት ግን ምላሷ ይተሳሰራል። አንድ ቀን "የድንጋይ" ብላ ሞከረችው። ሰዎቹ አዘኑላት። ከዚያ ወዲህ ቃሉን አለስልሳ "የጠጠር" ማለት ጀመረች። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ልጅቷ ከድንጋይ ጋር የተዋደደችው ተማሪ ሳለች፣ ወገቧን በገመድ ታስራ ዋሻ በወረደችበት ቀን ነበር። ጓደኞቿ የሌሊት ወፍ አይተው ጩኸቱን ሲያቀልጡት፣ እሷ ከጣሪያው ጠብ ጠብ በሚል ውሃ የበቀለ የድንጋይ ምሰሶ አቅፋ ቆማ ቀረች። በኋላ መሬት ላይ ከወደቀ የምሰሶ ስባሪ ቁራጭ ወስዳ ስትሰነጥቀው ውስጡ ቀለበት በቀለበት ነው፤ ዝናብ የጠገበው ዘመን ወፈር፣ ድርቁ ቀጠን ብሎ። በቃ፣ እዚያው አለቀላት። ስለ ትዳር ሳታስብ ፀጉሯ ሸበተ። ከዋሻው ወደ ገደሉ ተሻገረች፤ የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባሕር ውስጥ የነበረውን ፍጥረት አብዛኛውን ምን ፈጀው እያለች ቋጥኝ ስትፈነቅል ኖረች። ዩኒቨርሲቲ ያለው ቢሮዋ መተላለፊያ የለውም። ወንበሩ ላይ ድንጋይ፣ መስኮቱ ላይ ድንጋይ፤ እንግዳ ከመጣም የሚቀመጠው ሌላ ድንጋይ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ የቤቷን በር በግንባሩ አንኳኳ።

"ዶክተር፣ አለቀልኝ። ኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር አለ አሉኝ።"

"ውይ፣ ጋሼ! እኔ እኮ የሰው ሐኪም አይደለሁም።"

"እናትዎ የጠጠር ዶክተር ናት ብለውኛል።"

"የእኔ የውጪው ጠጠር ነው!"

"ይሄም ይወጣል ብለውኛል።"

ደግፋ ሆስፒታል አደረሰችው። ትንሽ ሰንብቶ ልብስ ሰፊው ፊቱ በርቶ ተመለሰ፤ ከቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮው ውስጥ የሽምብራ ክክ የምታክል ቡናማ ነገር አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

"ይኸው ተገላገልኩ። ለእርስዎ ነው ያስቀመጥኳት።"

መጣሉ ነውር መሰላት። እንዲያው ለይሉኝታ ያህል ቆረጠቻት፣ ሞረደቻት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባቻት። ቀለበት! በቀለበት ላይ ቀለበት፣ ልክ እንደ ዋሻው ምሰሶ! መሃል ላይ ደግሞ ጠጠሯ ማደግ አቁማ፣ ትንሽ ሟሙታ፣ እንደገና የጀመረችበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ልብስ ስፌት ቤቱ ድረስ በረረች። የልብስ ሰፊው ሚስት ከጎኑ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች።

"ጋሼ፣ ጠጠሯ መሃል ላይ ማደግ አቁማ ነበር። ያኔ ምን የተለየ ነገር አደረጉ?"

ልብስ ሰፊው አሰበ፣ አሰበና ፊቱ ተለዋወጠ። ሚስቱን በጎን አያት።

"አንቺ ወንድምሽን ልታስታምሚ የሄድሽ ጊዜ ነዋ" አለ ቀጭን ድምፅ አውጥቶ። "ሐኪሙ ተው ያለኝ ጨው የቀነሰልኝ ያኔ ብቻ ነው።"

ሚስቱ መርፌዋን ቀስ ብላ ጨርቁ ላይ ሰካች። "እንግዲህ ገዳይህ እኔ ነኝ?"

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፦ ዶክተሯ ጠጠር አይታ የባልና ሚስት ገመና ታወጣለች። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! የቢሮዋ ኮሪደር በሰው ተጨናነቀ። አንዷ የባሏን ጠጠር በመሐረብ ቋጥራ አምጥታ "ባለፈው ክረምት የት እንደከረመ ጠይቂልኝ" አለች። ጡረታ የወጣ መምህር ጥርሱን የሰበረችውን ከምስር ውስጥ የተገኘች ጠጠር ይዞ መጣ። "የወንዝ አሸዋ ነው፣ ጋሼ" ብትለው፣ "ጥፋተኛው ወንዙ ነው ማለት ነው?" ብሎ ለክስ ተዘጋጅቶ ሄደ። የክፍሉ ኃላፊ በቁጣ ገነፈለ።

"ይሄ የሥነ ምድር ክፍል ነው ወይስ ሽንት ምርመራ?"

ሰዉን ሁሉ አስወጣ፣ በሩን ዘጋ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከኪሱም ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። "ለማንኛውም፣ ይቺን ብታያት ደስ ይለኛል።"

ዶክተሯ በየዓመቱ ስለዚያ የባሕር ፍጥረት እልቂት ለሕዝብ ንግግር ታደርግ ነበር። የሚሰሟት እናቷና የአዳራሹ ጥበቃ ናቸው፤ ጥበቃውም ቁልፍ ስለያዘ ነው። ዘንድሮ ግን ጠጠሩን በብልቃጥ የያዘው ሁሉ መጥቶ መቆሚያ ታጣ። እናቷ ከፊት ተቀምጣ ወደ እሷ ለዞረ ሁሉ "የእኔ ናት" ትላለች። ዶክተሯ ባሕሩ እንዴት እንደሞተ ተናግራ ስትጨርስ የልብስ ሰፊው ሚስት እጇን አወጣች።

"ያኔ ያለቁት ሁሉ እንደ ባሌ ውሃ መጠጣት ቢያበዙ ይተርፉ ነበር?"

"እትዬ፣ ውሃ ውስጥ ነበሩ እኮ!"

"ታዲያ ምን ጎደላቸው?"

"አየር። ባሕሩ ሞቀና አየሩ ተሟጠጠ።"

ብልቃጥ የያዘ ሁሉ ብልቃጡን ወደ ኪሱ መለሰ። "ይሄ ነገር በዓይን ይታያል?" አለ አንዱ ከኋላ። ይታያል አለች። ዕድሜ ልኳን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዛ ወደ ገደሉ ወጣች። ሁሉም በሐኪም ትእዛዝ ውሃ ጠጪዎች ስለሆኑ ከየቁጥቋጦው ሥር ለሽንት ሳይቆሙ አላለፉም፤ ሾፌሩ በመጨረሻ ሞተሩን ማጥፋት ተወው። ገደሉ ሥር ደርሰው ዶክተሯ አንዲት ጥቁር መስመር በጣቷ አሳየች።

"ይቺ ናት?" አለች የልብስ ሰፊው ሚስት። "ያ ሁሉ ፍጥረት ያለቀው በዚህች የአውራ ጣት ውፍረት ውስጥ?"

"በዚህች ውስጥ።"

ከመስመሩ በታች ዛጎሉ እርስ በርሱ ተጨናንቋል። ከላይ ያለው ድንጋይ የሆነ ጭቃ ብቻ ነው፤ ልሙጥ፣ ግራጫ፣ ምንም የሌለበት። ሴትየዋ መዳፏን ጭቃው ላይ አሳርፋ ቆየች። ዶክተሯ ቆየት ብላ ክንዷን ያዘችና ወደ ላይ፣ በእግር ጣት ካልቆሙ ወደማይደረስበት ቦታ መራቻት።

"እዚህ ጋ ይንኩ፣ እትዬ።"

ከሰሊጥ የማትበልጥ ቀንድ አውጣ ናት፤ ድንጋይ ሆናለች።

"ይቺ ተርፋ ነው?"

"ተርፋ ነው።"

"ውይ የእኔ እናት!" አለች ሴትየዋ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዘወር ብላም ጮኸች፦ "አንተ! ቶሎ ና፣ የተረፈችውን እያት!"

"መጣሁ፣ መጣሁ!" አለ ልብስ ሰፊው ከቋጥኙ ጀርባ። "አንዴ ልጨርስ!"