ኸዲጃ የመረገችው ቤት

መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው በላይ፣ አንድ አሮጌ ባለ ፎቅ የጭቃ ቤት አለ። ነጋዴው አቶ ገበየሁ አሠሩት፤ ልጃቸው ለሐጂ ሙሐሲን ሸጠው፤ በ1967 ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና የቀበሌ ሆነ። የአንዳቸውም እጅ ጭቃ ነክቶ አያውቅም። የነካው የኸዲጃ እጅ ነው።

በ1978 ሙሽራ ሆና በኪራይ ገባች፤ ባሏ ሀምዱ ከሞተም በኋላ አልወጣችም። በየዓመቱ ጥቅምት ሲጠባ አፈርና ጭድ ለውሳ፣ እስኪቦካ ሳምንት አስተኝታ፣ ክረምቱ የላጠውን ግድግዳ ትመርጋለች። ቀበሌው አንድ ቆርቆሮ እንኳ ቀይሮላት አያውቅም፤ ኪራይ ለመቀበል ግን ማንም አይቀድመውም።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ጋሹ የሚባል ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ መጣ። ቤቱ ቅርስ ተብሏል፤ ታሪኩ በቆርቆሮ ሰሌዳ ተጽፎ በሩ ላይ ይሰቀላል አላትና የጻፈውን አነበበላት። ገበየሁ፣ ሙሐሲን፣ ቀበሌ።

«እኔስ?» አለችው።

«እትዬ ኸዲጃ፣ ይሄ የባለቤቶች ታሪክ ነው። እርስዎ ተከራይ ነዎት።»

ደሟ ፈላ። አርባ ዓመት ያቆመችውን ቤት ታሪክ ሲጽፉ እሷን ዘለሏት።

ይባስ ብሎ ለምረቃው እንዲያምር ግድግዳው በስሚንቶ ይለሰን ተባለ።

«ልጄ፣ የጭቃ ግድግዳ ስሚንቶ አይዝም። ውሃ ከኋላው ከገባ ተያይዞ ይወርዳል።»

ጋሹ ፈገግ አለ። «መሐንዲስ ነው ያዘዘው፣ እትዬ።»

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አለች።

ተለሰነ፣ ተመረቀ፣ እንግዳው ሁሉ ፎቶ ተነሣ። ሐምሌ እንደገባ ኸዲጃ የሚመጣውን አውቃ ጭቃዋን አቦካች። በሁለተኛው ሳምንት ስሚንቶው ከነጭቃው ተልጦ፣ ሰሌዳውንም ይዞ ወረደ። ዝናቡ እስከ መኝታዋ ራስጌ ገባ።

ጋሹ ጃንጥላ ይዞ ሲሮጥ ደረሰ። ኸዲጃ በረንዳው ላይ ጭቃ ስትረግጥ ሲያይ ፊቱ በራ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ። እንግዲህ የፊት ለፊቱን እንደ ድሮው መርገው ያውጡን፤ ነገ አለቆች ይመጣሉ።»

ኸዲጃ የወደቀውን ሰሌዳ አነሣች። ጽሑፉን በመዳፏ ጠረግ አድርጋ አየችውና ጭቃውን ከመረችበት፤ ለመሸከሚያ ልክ ነበር።

«ይሄ ጭቃ ለመኝታዬ ራስጌ ነው» አለችው። «የፊት ለፊቱን ባለቤቱን ጥራና ይምረግ። ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ የጻፍከው ራስህ ነህ።»