የሁለታችን ቅል

ዛሬ ጠዋት ውኃ ስጠጣ የታጠነ ቅል ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ወዲያውም ጉሮሮዬን የወጋኝ መሰለኝ። ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሕመም ሥጋ እንዲህ ያስታውሳልን? የማስታውሰውን ሁሉ እንደማላምነው ግን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ልጄ።

ንጉሡ ደብረ ታቦር በሰፈሩበት ዘመን እኔና አንድ የይፋግ ልጅ የዜማ ተማሪዎች ነበርን። በአንዲት ጎጆ እናድር፣ በአንዲት ቅል እንጠጣ ነበር። ሕጋችን አንድ ነው፤ ቀድሞ የጠጣ ለጓደኛው ግማሹን ያስተርፋል።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ጉሮሮዬ አበጠ፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። የንጉሡ መድፍ ከሚሠራበት ከጋፋት የሚሰማው የብረት ቅጥቀጣ ራሴ ውስጥ ያስተጋባ ነበር።

«የእንቁራሪቱን ዜማ ከየትኛው መምህር ተቀበልህ?» እያለ ጓደኛዬ ይስቅብኛል።

ቅሏን ለብቻዬ ላድርጋት ያልሁት ይመስለኛል። ወይም ማለት ይገባኝ ስለ ነበር ዛሬ ጨምሬው ይሆናል። የእርሱ መልስ ግን አይጠፋኝም፦ «አሁንስ ውኃም ትነፍገኝ ጀመር?» ያስተረፍሁትን ጨለጠው።

እኔ በሳምንት ዳንሁ፤ እርሱ በተራው ጉሮሮውን ታሞ ተኛ። በደብረ ዘይት እሑድ ዜማውን የሚመራው እርሱ ነበር፤ በዚያች ቀን ካማረለት ተመርቆ ወደ እናቱ አገር መምህር ሆኖ ይመለሳል። መምህራችን አፉን አስከፍተው አዩና «እንጥሉ ወርዷል» ብለው ቆራጭ አስጠሩ።

«ለደብረ ዘይት ድምፄ ከደረሰልኝ ይቁረጡት፣ የኔታ» አለ በሹክሹክታ።

ሰውዬው የፈረስ ጭራ አስገብቶ ሲቆርጥ የጓደኛዬን ራስ የያዝሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ጸና፤ ጉልበቱ አበጠ፤ ሲውል ሲያድር ክርኑ ተከተለ። በመጨረሻም ልቡ ከነጠላው ሥር ሲዘል ይታየኝ ጀመር።

በደብረ ዘይት በእርሱ ፋንታ እኔ መራሁ። ጎጆአችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ስለ ነበረች ሰምቷል። ስመለስ «መጨረሻዋን አስረዘምሃት፣ አንተ እንቁራሪት» አለኝ፤ መሳቅ ፈልጎ ትንፋሽ አጠረው። ለፋሲካ አልደረሰም።

በቅርቡ አንድ ሐኪም ይህ የጉሮሮ ደዌ በዓይን በማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ከአፍ ወደ አፍ ይሻገራል፤ አንዳንዱንም ውሎ አድሮ ጉልበቱንና ልቡን ይይዘዋል አለኝ። ያን ቀን ቀድሞ የጠጣ ማን እንደ ነበር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም ደግሞ ራሴን አላምንም።

ዛሬ ጠዋት ጠጥቼ ቅሉን ሳስቀምጠው ግን ግማሽ ውኃ ቀርቶበት ነበር።